የፋን ኩሽኔታ ሲጮህ፦ የምንሰማቸው ምክሮችና እውነታው

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። መብራት ላይ እንደቆሙ ከኮፈኑ ስር የሆነ ነገር ያጉረመርማል። አንዳንዴ ያፏጫል፤ ሲብስበት ደግሞ ብረት ከብረት ሲፋተግ ይሰማል። የሞተር ማቀዝቀዣው ፋን ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ እያለቀ ነው። ወዲያው ምክር ይዘንባል። ጎረቤቱም፣ የታክሲ ሹፌሩም፣ ጋራዥ በር ላይ ሻይ የሚጠጣውም የየራሱ መፍትሔ አለው። ኩሽኔታው በራሱ ያን ያህል አያስወጣም። ኪስ የሚያራቁቱት ከነዚህ ምክሮች አንዳንዶቹ ናቸው።

«ፋን ያው ፋን ነው፤ የሚጮኸውን ቀይረው»

መጀመሪያ የትኛው ዓይነት ፋን እንዳለዎት ይወቁ። በድሮዎቹ ላዳዎችና በኋላ ጎማ በሚሄዱት የጥንት ኮሮላዎች ላይ ፋኑ የታሰረው የውሃ ፓምፑ ዘንግ ላይ ነው። የሚያዞረውም ቺንጋ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። እዚያ «የፋን ኩሽኔታ» የምንለው የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው፤ ካለቀ የሚቀየረው ፓምፑ ነው። ከፓምፑ ስር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ መንጠባጠብ ከጀመረማ ቀን መቁጠር አያስፈልግም።

ብዙዎቹ አሮጌ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች ላይ ደግሞ በፋኑና በፓምፑ መሀል ሲሊኮን ዘይት የያዘ የፋን ክላች አለ። እሱም የራሱ ኩሽኔታ አለው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የፋኑን ክንፍ ጫፍ ይያዙና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁት። ፑሊው (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ መሰል ክፍል) አብሮ ከተነቃነቀ ፓምፑ ነው። ፑሊው ዝም ብሎ ፋኑ ብቻ በደንብ ከላላ ክላቹ ነው።

ኮሮላ ሴዳን እ.ኤ.አ. በ1983 በፊት ጎማ የሚሄድ ሆነ። ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ ፋኑ በኤሌክትሪክ መዞር ጀመረ። ቪትዝም ያሪስም እንደዚያው ናቸው። እዚህ ጆሮ ይበቃል። ድምፁ ፋኑ ሲነሳ መጥቶ ፋኑ ሲቆም የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የፋኑ ነው። ፋኑ ቆሞም ከቀጠለ ዲናሞውን፣ የቺንጋ መወጠሪያውን ወይም የውሃ ፓምፑን ይጠርጥሩ። ስንት ደህና ፋን ያለ ጥፋቱ ተነቅሏል!

እጅ ከማስገባትዎ በፊት የፋኑን ሶኬት ይንቀሉ። አንዳንድ መኪና ሞተሩ ከጋለ ቁልፉ ተነቅሎም ፋኑን ያስነሳል።

«ይጮሃል እንጂ ይዞራል፤ ምን ችግር አለው?»

መዞሩ ብቻውን አይበቃም፤ በሙሉ ፍጥነት መዞር አለበት። ኩሽኔታው፣ ወይም በእሱ ቦታ የሚገባው ቦኮላ (ዘንጉን የሚይዝ ቱቦ መሰል ብረት) ሲያልቅ ዘንጉ ይወላገዳል። የሚሽከረከረው ክፍል ከማግኔቱ ጋር መፋተግ ይጀምራል። የፋኑ ሞተር በከበደው ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። የትንሽ መኪና ጤነኛ ፋን የሚወስደው 10 አምፔር አካባቢ ነው። ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ሊቆም የደረሰ ፋን ከዚያ በጣም አልፎ ይሄዳል። ያኔ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ሪሌው (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው) ይነዳል፣ ቫልቮላው (ፊውዙ) ይቃጠላል።

ከዚያ ደግሞ አንድ ጎበዝ ይመጣና ትልቅ ቫልቮላ ይከታል። እሱም ከጠፋ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማል። በቃ፣ አሁን የሚቃጠለው ገመዱ ነው። ቫልቮላ ሲደጋግም ከተቃጠለ ፋኑ «ከብዶኛል» እያለ ነው፤ ትልቅ አይጨመርለትም።

በቺንጋ የሚዞረው ላይ ነገሩ ይብሳል። የፓምፑ ዘንግ ከላላ ወይም ከተሰበረ ፋኑ እየተሽከረከረ ራዲያተሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

«ትንሽ ዘይት ንፋበት፣ ዝም ይላል»

ዝም ሊል ይችላል፤ ለጥቂት ጊዜ። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚነፋው ቀጭን ዘይት ግን የኩሽኔታ ቅባት አይደለም። የተረፈውን ግራሶ አጥቦ ያወጣዋል። በብዙ የኤሌክትሪክ ፋኖች ውስጥ ያለው ዘይት የጠጣ የነሐስ ቦኮላ ነው። ብረቱ ተበልቶ ከሰፋ ዘይት መልሶ አያጠበውም። የታሸገ ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ የነፉት ነገር ውስጡ እንኳ አይደርስም። የተረፈው ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች ላይ አርፎ ከአቧራና ከካርቦን ብናኝ ጋር ይላቁጣል።

«ዳይሬክት አድርገው፣ ተገላገል»

ከሁሉም ምክር በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፋኑ በራሱ አልነሳ ሲል ወይም መኪናው ትንሽ ሲሞቅ ገመዱን ከቁልፍ ጋር ማያያዝ። ቁልፍ ሲበራ ፋኑም ይነሳል፣ እስኪጠፋ ይዞራል። አንዳንዱ ዳሽቦርዱ ላይ ማብሪያ ያስገጥማል፤ ከዚያ ተሳፋሪ ሲያወራው ማብራቱን ይረሳል።

ይህ ፋን የተሠራው አልፎ አልፎ እንዲሠራ ነው። ጠዋት ሞተሩ ገና ሳይሞቅ አያስፈልግም። በደብረ ብርሃን መንገድ በ80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። ዳይሬክት የተደረገ ፋን ግን ያን ሁሉ ሰዓት ይዞራል። ለዓመታት የሚበቃው ኩሽኔታ በወራት ሊያልቅ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ የሚጮኸው ኩሽኔታ ያለቀው ያለፈው ባለቤት ባሠራው ዳይሬክት ምክንያት ሊሆን ይችላል። መኪና ሲገዙ ይህን ይመልከቱ።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋኑ ያልተነሳው በሌላ ምክንያት ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ የውሃውን ሙቀት የሚያይ ማብሪያ አለ። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ዝግ ነው (ኤሌክትሪክ ያሳልፋል)፤ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈትና (ማሳለፉን ያቆምና) ፋኑ ይነሳል። ስለዚህ ቁልፉን አብርተው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ የማብሪያውን ገመድ ቢነቅሉት ፋኑ መዞር አለበት። ከዞረ ፋኑም ሪሌውም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ከማብሪያው ነው። ካልዞረ ለፋኑ ከባትሪ 12 ቮልት ቀጥታ ይስጡት። አሁንም እምቢ ካለ፣ ወይም እያቃሰተ ከተነሳ፣ ኩሽኔታው ወይም ካርቦኑ ነው። የኤሌክትሪክ ፋን ያላቸው ላዳዎችና ብዙ የአውሮፓ መኪኖች አሠራራቸው ተቃራኒ ነው። ማብሪያው ሲሞቅ ይዘጋል፤ ገመዱን መንቀል ፋኑን አያስነሳም።

የነከሰ ፋን ላይ ዳይሬክት መሥራት ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። ገመዱን ብቻ ነው የሚያግለው።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው»

ቴርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ በር ነው፤ 82 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል። ሞተሩ ሲሞቅማ ተከፍቷል፤ ማውጣቱ ምን ይጨምራል? ትራፊክ ውስጥ የጎደለው አየር ነው፣ አየሩን የሚያመጣው ደግሞ ፋኑ ነው። ይባስ ብሎ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማለፊያውን መስመር ይዘጋል። ካወጡት ያ መስመር ክፍት ሆኖ ይቀራል። የውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ይዘገያል፣ ቤንዚንም ይበላል።

«ቺንጋውን ጠበቅ አድርገው»

የላላ ቺንጋ ይጮሃል፤ እውነት ነው። ጮኸ ተብሎ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ቺንጋ ግን የፓምፑንም የዲናሞውንም ኩሽኔታ ይጨርሳል።

«አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ፋን ብዙም አያስፈልግም»

አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ስስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ከ100 በላይም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ካረጀ ግን ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ደግሞ ሙቀቱም፣ ዳገቱም፣ ቀርፋፋው ከባድ መኪናም አንድ ላይ ይመጣሉ። በዚያ ፍጥነት ከፊት የሚገባው ነፋስ ብቻውን አይበቃም።

«ሁሉም 12 ቮልት ነው፤ ያገኘኸውን ግጠም»

አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ፋን መግዛት ነውር የለውም። ግን በዓይን ብቻ አይግዙ። ዘንጉን ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁ። ባትሪ ላይ አስነስተው ያዳምጡ። ሲያጠፉት ቀስ እያለ መቆም አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይመልሱት። ከተቻለ የፋኑን ሞተር ብቻ ይግዙና የራስዎን ክንፍ ይግጠሙበት። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀርጹበት) ቦኮላ ማሠራትም ይቻላል። ሥራው ትክክለኛ ነሐስና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ልኩ ትንሽ ካለፈ ፋኑ ይንቀጠቀጣል።

ገመዱ ከተገላበጠ ፋኑ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ይህ ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል። ፋኑ ከራዲያተሩ ጀርባ ከሆነ ፊት ለፊት በኩል ወረቀት ያስጠጉ። አየሩ ወረቀቱን ራዲያተሩ ላይ ካጣበቀው ልክ ነው።

«ከሞቀ ክዳኑን ከፍተህ ውሃ ጨምርበት»

ፋኑ መንገድ ላይ ከሞተ ኤሲውን ያጥፉ፣ የቤት ውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ይሞቅዎታል፣ ግን ከሞተሩ የተወሰነ ሙቀት ይወስዳል። ጌጁ ቀዩን ከነካ ዳር ይዘው ያጥፉት። የጋለ ክዳን ሲከፈት የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ሊሰነጥቀው ይችላል። የላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ ሲጫኑት እስኪለሰልስና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ከዚያ በጨርቅ ይዘው ክዳኑን ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ የጎደለውን ይሙሉ፣ ሜዳ ሜዳውን ይዘው ወደ ጋራዥ ይሂዱ።