አሮጌ ካርድ በአዲስ ኮምፒውተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አሮጌ ካርድ በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም»

ካርዱ (ማዘርቦርድ በተባለው የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ የሚሰካ የግራፊክስ፣ የኔትወርክ ወይም የድምፅ ካርድ) ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለውን የዛሬውን የመሰኪያ ዓይነት የሚጠቀም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ካርዱና ማዘርቦርዱ ሁለቱም በሚችሉት ከፍተኛ ፍጥነትና የመስመር (የዳታ መተላለፊያ) ብዛት ላይ ይስማማሉ። ባለ1 መስመር ካርድ ባለ16 መስመር ስሎት (መሰኪያ) ውስጥ ቢገባም ችግር የለውም። ከመጀመሪያው ትውልድ ካርዶች አንዳንዶቹ ግን እዚህ ስምምነት ላይ ይወድቃሉ። ካርዱ ጭራሽ ካልታየ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቶ የስሎቱን ፍጥነት ከ«አውቶ» ወደ «ጄን 1» ወይም «ጄን 2» (አንደኛ ወይም ሁለተኛ ትውልድ) ዝቅ ማድረግ ነው።

«ስሎቱ አዲስ ስለሆነ ካርዱም ይፈጥናል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንድ መስመር አቅም በመጀመሪያው ትውልድ በሰከንድ 250 ሜጋባይት፣ በሁለተኛው 500፣ በሦስተኛው 985 ገደማ፣ በአራተኛው ደግሞ ወደ 2 ጊጋባይት የተጠጋ ነው። ካርዱ ከራሱ ትውልድ በላይ አይሄድም፤ ስለዚህ የሚቆጠረው የመስመሩ ብዛት ነው።

ባለ8 መስመር፣ ሁለተኛ ትውልድ የሆነ የ10 ጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ እንውሰድ። አራተኛ ትውልድ የሆነ ባለ4 መስመር ስሎት ላይ ሲገባ የሚያገኘው 4 ጊዜ 500፣ ማለትም 2 ጊጋባይት ወይም 16 ጊጋቢት ነው። አንድ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ካለው ይበቃዋል፤ ሁለት ካለውና ሁለቱም ባንዴ ሙሉ ሥራ ሲይዙ ግን ያጥረዋል። ባለ1 መስመር ስሎት ላይ ከሆነ ደግሞ 4 ጊጋቢት ብቻ ይቀረዋል። ያ ስሎት በራሱ ትውልድ 2 ጊጋባይት ገደማ የሚያሳልፍ መሆኑ ለካርዱ ምንም አይጠቅመውም።

የስሎቱ ርዝመትም ያታልላል። ባለ16 መስሎ የሚታየው ሁለተኛ ስሎት በውስጡ የተዘረጋለት 4 መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የኤም ዶት 2 ዲስክ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ትንሽ ዲስክ) ሲገባ ሥራ የሚያቆም ስሎትም አለ። የማዘርቦርዱ ማኑዋል ይህን በሠንጠረዥ ያሳያል።

«አንድ አሮጌ ካርድ ኮምፒውተሩን በሙሉ ያዘገያል»

ይህ ከፒሲአይ ኤክስፕረስ በፊት የነበረው የፒሲአይ መሰኪያ ትዝታ ነው። በዚያ ካርዶቹ አንድ መንገድ ስለሚጋሩ 66 ሜጋኸርዝ የሚችለው መንገድ የ33 ሜጋኸርዝ ካርድ ሲገባበት ለሁሉም ይወርዳል። በፒሲአይ ኤክስፕረስ እያንዳንዱ ካርድ የራሱ መንገድ አለው።

«ፒሲአይ ካርድን ማንኛውም አስማሚ ያገናኘዋል»

ፒሲአይና ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚነጋገሩበት መንገድ ጨርሶ ስለሚለያይ አስማሚው ላይ የድልድይ ቺፕ (የአንዱን ለሌላው የሚተረጉም) መኖር አለበት። የኃይል ጉዳይም አለ፦ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት 12 እና 3.3 ቮልት እንጂ 5 ቮልት አይሰጥም። አስማሚው 5 ቮልቱን ራሱ ማመንጨት ወይም ከፓወር ሰፕላይ በኬብል መውሰድ አለበት። አንዳንድ የድምፅ ካርዶች ኔጌቲቭ 12 ቮልትም ይፈልጋሉ፤ ይህ ከሌለ ካርዱ በሲስተሙ ይታያል፣ ድምፅ ግን አያወጣም።

«ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ካርዱ ተቃጥሏል»

ግራፊክስ ካርድ ከሆነ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ከ2012 በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ዩኢኤፍአይ (የድሮውን ባዮስ የተካው ማስነሻ ሥርዓት) የሚረዳው ማስነሻ ሶፍትዌር የላቸውም። በሌላ ግራፊክስ አስነስታችሁ ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ማስነሻ ሶፍትዌርን የሚከለክለውን ጥበቃ) አጥፉ፣ ሲኤስኤምን (የድሮውን ማስነሻ መንገድ የሚፈቅደውን) አብሩ፣ ከዚያ ካርዱን መልሱ። ሲኤስኤም ጭራሽ የሌላቸው አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ግን ይህ መፍትሔ አይሠራም። የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ ጉዳቱ ቀለል ይላል፦ ከዲስኩ ማስነሳት ላይቻል ይችላል እንጂ ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ዲስኩ ይታያል።

«ድራይቨሩን ዊንዶውስ ራሱ ያመጣዋል»

ድራይቨር ሲስተሙ ካርዱን እንዲያዝ የሚያስችል ሶፍትዌር ነው፤ ለታዋቂ ቺፖች አዎ፣ ዊንዶውስ ራሱ ያመጣዋል። ዊንዶውስ 11 ግን ባለ64 ቢት ብቻ ስለሆነ ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨር በምንም መንገድ አይጫንም። ባለ64 ቢት ሆኖ ያረጀውን ደግሞ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የተባለው የዊንዶውስ ጥበቃ ሊያግደው ይችላል፤ እሱን ማጥፋት ካርዱን ቢያስነሳም ጥበቃውን ያላላል፣ ለአንድ ርካሽ ካርድ የሚያዋጣ አይመስለንም። ከመግዛት በፊት የሚታየው በካርዱ ላይ ያለው ትልቁ ቺፕ ቁጥር ነው፤ ድራይቨር የሚፈለገው በእሱ እንጂ በካርቶኑ ስም አይደለም። ሊኑክስ ላይ ለብዙ አሮጌ ቺፖች ድራይቨሩ ከከርነሉ (ከሲስተሙ ዋና ክፍል) ጋር አብሮ ይመጣል።