ስለ ካናቢስ ቤተሰብ ዕፅዋት በሰሜን ሸዋ የምሰማቸው ስሕተቶችና እውነታው

በደብረ ብርሃንም በሸዋ ሮቢትም ስለ ዕፅዋት ናሙና፣ ማለትም ለጥናት ተጭኖ ስለሚደርቅ ቅርንጫፍ፣ ሳወራ የሚገጥመኝ ነገር አንድ ዓይነት ነው። ቀውት የሚባለው አገር በቀል ዛፍ በሳይንሱ ምደባ ከካናቢስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው ስል ሰሚው ወዲያው ስለ አደንዛዥ ዕፅ ያነሣል። ቀጥሎ ጌሾና ጫት ይመጣሉ። በመጨረሻ «ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ፣ ቀውት እኛ አካባቢ የለም» ይባላል። ይህ የመጨረሻው ጉዳት የሚያመጣ ስሕተት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

«ቤተሰቡ በሙሉ ያሰክራል።» አያሰክርም። በካናቤሴ፣ ማለትም በካናቢስ ቤተሰብ፣ ከመቶ በላይ ዝርያ አለ፤ አብዛኛውም ዛፍ ነው። ቀውት፣ በሳይንስ ስሙ ሴልቲስ አፍሪካና፣ 25 ሜትር ሊደርስ የሚችል ጠንካራ እንጨት ያለው ዛፍ ነው። ቀድሞ የሚመደበው በኡልማሴ ቤተሰብ ነበር፤ የአገሪቱን ዕፅዋት የሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያ ፍሎራ፣ 3ኛ ቅጹ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲታተምም እዚያው ነበር። የዘረመል ጥናት ዝምድናውን ካሳየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ ወደ ካናቤሴ አዛወረው። ስለዚህ የድሮ ናሙና ላይ «ኡልማሴ» የሚል ብታዩ ሰብሳቢው አልተሳሳተም። ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ።

«ጫትም ዘመዱ ነው።» አይደለም፤ ጫት ሴላስትራሴ የሚባል የሌላ ቤተሰብ ተክል ነው።

«ቃጫ ማለት ሄምፕ ነው።» ሄምፕ ለገመድ የሚሆን የካናቢስ ዓይነት ነው፤ በአጥር ጥግ የምናየው ቃጫ ግን መነሻው ሜክሲኮ የሆነ አጋቬ ነው። ገመድ የሚወጣው ተክል ሁሉ ዘመድ አይሆንም።

«ጌሾ የአበሻ ሆፕ ነው።» ይህን ከተማሩ ሰዎች አፍ መስማት ያሳዝነኛል። ሁለቱም መጠጥን መራራ ያደርጋሉ፤ ተመሳሳይነታቸው ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ጌሾ የራምናሴ ቤተሰብ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ በቅርንጫፉ ላይ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ይወጣል። ከካናቢስ ጋር የሚዛመደው ሆፕ በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ሐረግ ነው፤ ቅጠሉ ሻካራና የተከፋፈለ ሲሆን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ለጠላ የጌሾው ቅጠልና እንጨት ይገባል፤ ለቢራ የሚፈለገው የሴቷ ሆፕ አበባ ነው። የጌሾ ምሬት ጌሾይዲን ከሚባል ንጥረ ነገር፣ የሆፕ ደግሞ ከአልፋ አሲዶች ይገኛል። አንድ ተማሪ ከእናቱ ጓሮ ጌሾ ቆርጦ፣ ከናሙናው ጋር በሚያያዘው ወረቀት፣ በሌብሉ ላይ፣ ሁሙለስ፣ ማለትም ሆፕ ብሎ ጽፎ አምጥቶልኛል። ያ ወረቀት እንዳለ መዝገብ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ሆፕ በሰሜን ሸዋ ይበቅላል የሚል ማስረጃ ሆኖ ይቀር ነበር።

«መዝገብ ላይ ከሌለ አካባቢው ላይ የለም።» ዋናው ይህ ነው። ጂቢአይኤፍ በሚባለው የዓለም የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ካርታ ላይ አንድ የናሙና ነጥብ የሚነግረን አንድ ሰው አንድ ቀን እዚያ ቆሞ ቅርንጫፍ መቁረጡን ነው። ማንም ስላልደረሰበት ቦታ ምንም አይነግረንም። ሰብሳቢ የሚሄደው መንገድ ባለበት ነው፦ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ አንኮበር፣ ወፍ ዋሻ። ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ወደ መርሐቤቴ ገደሎች የሚወርድ ጥቂት ነው። የሚወጣውም በአብዛኛው ከክረምት ማግሥት ምድሩ ሲያብብ ነው። የቀውት አበባ ደግሞ ጥቃቅንና አረንጓዴ ስለሆነ፣ ቅርንጫፉም ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ዓይኑ መሬት ላይ ያለ ሰው ያልፈዋል። ካናቢስን በሕግ የተከለከለ ስለሆነ በዕፅዋት መጫኛ ፕሬስ አድርቆ ኬላ ለማለፍ የሚደፍር የለም። የሁለቱም ነጥብ የሚሳሳው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ለተከላ የሚሆኑ አገር በቀል ዛፎችን ሲዘረዝር ቀውትን «በወረዳው አልተመዘገበም» ብሎ አስወጣው። ዝርዝሩን የሠራውን ባለሙያ ይዤ ከቢሮው በእግር ወደሚደረስ ደብር ሄድኩ፤ ቀውቱ ቅጥሩ ውስጥ ፍሬ ይዞ ቆሟል። ዝርዝሩ ግን ጸድቆ ነበር፤ በዚያ ክረምት ባሕር ዛፍ ተተከለ።

ነጥብ አለ ማለትም ዛፉ ዛሬ አለ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ ከመጣው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር ዮሐንስ ሮት የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በዚያ ዘመን ሌብል ላይ የሚጻፈው ቦታ ብዙ ጊዜ «አንኮበር» ወይም «ሸዋ» ከማለት አያልፍም። የካርታ መጋጠሚያው (ኬክሮስና ኬንትሮሱ) ኋላ ላይ በግምት ይሰጠዋል፤ ነጥቡም ዛፍ በቅሎበት በማያውቅ ቦታ ሊያርፍ ይችላል።

እንግዲህ መዝገቡን የሚሞላው እዚሁ ያለው ሰው ነው። ካናቢስን ተዉት፤ ያለ ፈቃድ መያዙ ያስጠይቃል። ቀውትን ግን ሰብስቡ። በደብር ቅጥር ከሆነ መጀመሪያ አለቃውን አስፈቅዱ። አንዲት ቅጠል አትበቃም፤ ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ያስፈልጋል። የቀውት ፍሬ በረጅም ቀጭን አገዳ ይንጠለጠላል፤ የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ የሚያወጣው ወደ ጫፉ ብቻ ነው። ከቀውት ጋር የምትምታታው፣ የዚሁ ቤተሰብ የሆነችው ትሬማ የቅጠሏ ጠርዝ ዙሪያውን ጥርሳም ነው፤ የፍሬዋ አገዳም አጭር ነው። ፎቶ አንሡ፤ ነገር ግን ፎቶ ናሙናን አይተካም፤ ከደረቀ ቅጠል ከብዙ ዓመት በኋላም ዲኤንኤ ይወጣል። በጋዜጣ መካከል ተጭናችሁ አድርቁ፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። በላስቲክ አትቋጥሩ፤ ይሻግታል። ሌብሉን በእርሳስ ጻፉ፦ ቀበሌውን፣ ከፍታውን በሜትር፣ መጋጠሚያውን፣ የአገሬውን ስም።

ቀኑን ስትጽፉ ደግሞ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትተዉ። «12/2/72» የሚል ሌብል አይቻለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥቅምት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ በፈረንጁ ከሆነ የካቲት 1964 ዓ.ም. ነው። ዛፉ ያፈራው በጥቅምት ይሁን በየካቲት ከዚያ ወረቀት ማወቅ አይቻልም።