«ቀና አስብ» ማለት ይብቃን

የአእምሮ ህክምና ነርስ ነኝ። በየሳምንቱ የምሰማትን አንዲት ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ድባቴ የያዘውን ሰው ይዘው ይመጣሉ። ገና ሳይቀመጥ አጃቢው «ሲስተር፣ ይሄ እኮ ምንም አልሆነም፤ ትንሽ ቀና ቀናውን ቢያስብ ይለቀዋል» ይለኛል። ታዲያ ለምን አመጣኸው?

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ካርዱ ወፍራም ነው፤ ጨጓራ፣ ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ ደግሞ ጨጓራ። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ስንት ጊዜ እንደታዘዘለት ራሱም አያውቀው። እኛ አገር ድባቴ ብዙ ጊዜ «አዘንኩ» ብሎ አይመጣም፤ ማቃጠል፣ ድካም፣ የወገብ ህመም ሆኖ ነው ብቅ የሚለው። ስለ እንቅልፉ ስጠይቀው ነገሩ ወጣ። ሌሊት 9 ሰዓት ይነቃል። ልጆቹን እንዳይቀሰቅስ ሳሎን ውስጥ መብራት ሳያበራ ይቀመጣል፣ እስኪነጋ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነው። ከመክሳቱ ብዛት ቀበቶውን በሚስማር በስቶ አጥብቆታል። አማቹ ደግሞ በየጠዋቱ በቴሌግራም የሞቲቬሽን ንግግር ይልክለታል። «አዳምጠዋለሁ» አለኝ። «እንደሚሉት ማሰብ ሲያቅተኝ ግን፣ ለካ ሰነፍ ነኝ አልኩ።»

ይኸው! ምክሩ ሌላ ሸክም ሆነበት። ድባቴ የሚይዘው እኮ ያንኑ ቀና የሚያስበውን አእምሮ ነው። ትኩረት ይጠፋል፣ ደስ ይል የነበረው ሁሉ ይደበዝዛል፣ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የደም ማነስም ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራ አለው። በቀና ሐሳብ ደም አይሞላም።

ቀና መሆን አይጠቅምም አላልኩም። ቅደም ተከተሉን ነው የገለበጣችሁት። «ሙዴ ሲመጣ እወጣለሁ» ይላል ሰው፤ በድባቴ ጊዜ ሙዱ በራሱ አይመጣም። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይሠራል፣ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ስለዚህ «ተነቃቃ» ከምትሉት ጫማውን አቀብሉትና እስከ ሱቅ አብራችሁት ሂዱ። ቡና አብራችሁት ጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ይቅርበት፣ እንቅልፉን ይነሳዋል። «አታካብድ» የምትለዋንም ቃል በእናታችሁ ተዉልኝ።

የምትጠይቁኝን ሌሎቹን ጥያቄዎች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

የድባቴ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል? አያስይዝም፤ በድንገት ማቋረጥ ግን ያሳምማል። ሱስ የሚያስይዙት እንደ ዲያዚፓም ያሉት የማረጋጊያ ክኒኖች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ከጎረቤት ተበድራችሁ ትውጣላችሁ።

ጸበል ወይስ መድኃኒት? ሁለቱም። ክኒኑን ግን እንዳታቋርጡ።

ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ይሰጠዋል? አይሰጠውም። ብዙዎቹ ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ይዛችሁት ኑ።

አማኑኤል የታከመ ሁሉ እብድ ነው? ኧረ በሕግ!

ሹፌሩ ፍሉክሰቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ተጀመረለት። በሳምንቱ መጥቶ «አልሠራም» አለ። ለራስ ምታት እንደሚዋጥ ክኒን ጠብቆት ነው፤ ይሄ ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በ5ኛው ሳምንት ሲመለስ ሌሊቱን እስከ 11 ሰዓት መተኛት ጀምሯል። ደስተኛ ነኝ አላለም። «ትናንት ሽሮው ጣመኝ» አለ። ወዲያው ደግሞ «ታዲያ ክኒኑን ላቁመው?» አይለኝም! ከተሻለው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይውጣል። ሦስቴ ነገርኩት። ሚስቱንም አስጠራኋትና ለእሷም ነገርኳት።