«ታብሌቱን ስጧቸው፣ ራሳቸው ይማሩታል» እና ሌሎች ስህተቶች

የወላጆች ስብሰባ በመጣ ቁጥር የምሰማው ነገር አለ፦ «የዛሬ ልጆች እኮ ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ስልኩን ብቻ ስጧቸው፣ ራሳቸው ይማሩታል።» ርዕሰ መምህራን ይሉታል፤ ታብሌት ሊለግሱ የሚመጡ እንግዶች ይሉታል፤ የሙያ ባልደረቦቼም ይሉታል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ለሚያስተምር ሰው ይህ እጅግ አድካሚ ነው። ልጆቹን ያለ አስተማሪ የሚያስቀር ሐሳብ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። መጀመሪያ ግን ትንንሾቹን ስህተቶች ላንሳ።

«ጨዋታ ከትምህርት ያዘናጋል።» የተዘጋጀ ጨዋታ ብቻ የሚጫወት ልጅ ሊዘናጋ ይችላል። ጨዋታውን ራሱ የሚሠራ ልጅ ግን ቅደም ተከተልን፣ ድግግሞሽንና «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚለውን የፕሮግራም መሠረት እየተማረ ነው።

«በትምህርታዊ ጨዋታ ብዙ ኮከብ ያገኘ ብዙ አውቋል።» አላወቀም። መልሱ እስኪገኝ ድረስ ሁሉንም እየነካካ ኮከቡን የሚሰበስብ ልጅ በየክፍሉ አለ።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይቻልም።» ይቻላል። ልጆች ፕሮግራም የሚሠሩበት ስክራች፣ የትምህርታዊ ጨዋታዎች ስብስቡ ጂኮምፕሪ እና ሥዕል መሣያው ታክስ ፔይንት ነጻ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በፍላሽ ይዞ ሄዶ መጫን ይበቃል።

«እንግሊዝኛ ያልቻለ ልጅ ፕሮግራም አይሠራም።» በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ስክራች የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አለው። ትንንሾቹ የሚጠቀሙበት ስክራች ጁኒየር ደግሞ ትዕዛዞቹ በሥዕል ስለሆኑ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳን ይሠራበታል።

«ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።» ለጀማሪ ሁለት ወይም ሦስት ልጅ በአንድ ኮምፒውተር ቢቀመጥ እኔ እመርጣለሁ። አንዱ ማውዙን ይይዛል፣ ሌላው ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። የሚናገረው ልጅ ሐሳቡን በቃላት ለማስቀመጥ ይገደዳል፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንመለስ።

«ራሳቸው ይማሩታል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የአገራችንን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ይዳረስ ሲል የነበረው ማለት ነው፣ በወንጪ እና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ የገጠር ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን፣ ያለ መመሪያ ሰጠ። ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው አበሩት፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት። ወሬው ዓለምን ዞረ። እኔም ልጆቹን አደንቃለሁ፤ የሚያናድደኝ ከታሪኩ ተቆርጦ የሚቀረው ክፍል ነው። በታብሌቱ ላይ የነበሩት ፕሮግራሞች አስቀድመው በባለሙያ ተመርጠው የተጫኑ ናቸው። የፀሐይ ኃይል መሙያውን እንዲጠቀሙ የአካባቢው አዋቂዎች ሠልጥነዋል። በየሳምንቱም ባለሙያ እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይርና የልጆቹን አጠቃቀም መረጃ ይዞ ይመለስ ነበር። ይህን ሁሉ «ያለ ሰው ርዳታ» ብሎ መጥራት አይገባም።

በስፋት ሲሞከር የሆነውን ደግሞ ፔሩ አሳይታናለች። ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፖች አከፋፈለች። በ319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች መጠነኛ መሻሻል ቢያይም በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። የእኛን የፕላዝማ ትምህርት የሚያስታውስ ሁሉ ይህ አይደንቀውም። በቴሌቪዥኑ የሚያስተምረው ሰው ገብቷችኋል ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ይሮጥ ነበር፤ የክፍሉ መምህር ደግሞ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር።

ልጅ ስልክ በፍጥነት መጠቀሙን ማወቅ ነው የምንል ከሆነ፣ ምስጋናውን ለተሳሳተ ሰው እየሰጠን ነው። አፕሊኬሽኖቹ የተነደፉት መመሪያ ያላነበበ ሰው እንዲጠቀምባቸው ተደርገው ነው፤ ቅለቱ የንድፍ ሠሪው ሥራ ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ በቤቱ የስልክ ችግር ሁሉ የሚፈታ ነው፤ እናቱም በኩራት ነግራኛለች። ክፍል ውስጥ ሥዕል ሣለና ዘጋው። «የት አስቀመጥከው?» ስለው «ቴሌግራም ውስጥ» አለኝ። ፋይል ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ የነገረው ሰው አልነበረም። ስክሪን በማንሸራተት ብዛትም ይህ አይገለጥም።

መምህር ምን ይጨምራል ለሚሉኝ የስክራችን ድመት እጠቅሳለሁ። ልጆች ድመቷን «ያለማቋረጥ 10 እርምጃ ሂጂ» ብለው ያዟታል፤ ጠርዝ ላይ ደርሳ ትቆማለች። «ጠርዝ ላይ ከደረስሽ ተመለሽ» የሚለውን ትዕዛዝ ይጨምራሉ፤ ትመለሳለች፣ ግን እግሯ ወደ ላይ ተገልብጦ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ይላሉ። ብቻውን ያለ ልጅ እዚህ ላይ ዘግቶ ሌላ ይከፍታል። እኔ ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ፦ ምን አዘዛችኋት? ምን ትሆናለች ብላችሁ ጠበቃችሁ? አንድ ልጅ ተነስቶ እንደ ድመቷ ይራመዳል፣ ሌሎቹ ይመለከቱታል። ያዘዟት እንድትዞር ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ትዙር የሚለውን ማንም እንዳልነገራት ይደርሱበታል። ማሽን የተነገረውን እንጂ የታሰበውን እንደማይሠራ የሚገባቸው በዚህች ደቂቃ ነው።

ለመምህራን ምክሬ አጭር ነው። ልጆች ፕሮግራሙን ከማስነሳታቸው በፊት ምን እንደሚሆን ይገምቱ፣ ግምታቸውንም ደብተር ላይ ይጻፉ። 10 የሚለውን ቁጥር 100 አድርጉትና እንደገና ገምቱ በሏቸው። ከባዶ ከማስጀመር ይልቅ የሚሠራ ፕሮግራም ሰጥታችሁ ይለውጡት። ከክፍለ ጊዜው የመጨረሻውን 10 ደቂቃ ስክሪን ዘግታችሁ ተነጋገሩበት፤ ይህን አታስቀሩ።

ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤትም ምክንያት የለውም። በኒው ዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ቲም ቤል እና ባልደረቦቹ ያስፋፉት ያለ ኮምፒውተር የማስተማር ዘዴ አለ። በአምስት ካርቶኖች ላይ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ሣሉ፣ አምስት ልጆች ይያዟቸው፤ ካርቶኖቹን እየገለበጡና የሚታዩትን ነጥቦች እየደመሩ ከ0 እስከ 31 ያለውን ቁጥር ሁሉ ይሠራሉ። ነጥቡ የሚታየው ካርቶን አንድ፣ የተገለበጠው ዜሮ ነው። ኮምፒውተር በዜሮና በአንድ እንዴት እንደሚቆጥር ሦስተኛ ክፍል ሆነው ይረዱታል።

ወላጆች ደግሞ «ስንት ደረጃ አለፍክ?» ከማለት ይልቅ «ይህ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ» በሉት። 20 ታብሌት ልትለግሱ ያሰባችሁም 15 አምጡና በቀረው ገንዘብ መምህራኑን አሠልጥኑ። ሥልጠናው ዕቃው ከመድረሱ በፊት ይሁን፤ ባትሪ የሚሞላና የተበላሸውን የሚያስጠግን ሰውም ርክክቡ ዕለት በስም ይመደብ።