«ምንም አያስፈልገኝም» ለሚል ወንድ ስጦታ መግዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለአባት፣ ለባል፣ ለአጎት ወይም ለአማች ስጦታ መግዛት የሚከብደው ሰውየው የሚወደው ነገር ስለሌለ አይደለም። የሚፈልገውን ራሱ ገዝቶ ስለሚጨርስና የማይፈልገውን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ነው።

«ምንም አልፈልግም ካለ አይፈልግም»

ብዙውን ጊዜ «ገንዘባችሁን አታባክኑ» ማለቱ ነው። መጠየቁን ትታችሁ የሚያልቅበትንና የሚያረጅበትን ተመልከቱ። ቀበቶው ቀዳዳው ላይ ተሰንጥቋል? የመነጽሩ ቤት ተሰብሯል? ቡናው ቶሎ ያልቃል? ያረጀበትን በተሻለ መተካት፣ ወይም የሚበላና የሚጠጣ ነገር መስጠት ቤቱ ላይ ሌላ ዕቃ ከመጨመር ይበልጣል።

«ወንድ ጣፋጭ አይወድም»

ሐረር ወይም ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይህን ብትነግሩት አይሰማችሁም። ሐልዋ ከስኳር፣ ከበቆሎ ስታርች፣ ከዘይትና ከሄል እየተማሰለ የሚበስል፣ ሲቆረጥ የሚለጠጥ ጣፋጭ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከገዛው በኋላ ነው፤ እንዳይበላሽ ብሎ ፍሪጅ ይከተዋል። ቅዝቃዜው ስታርቹን ያጠነክረዋል፣ ዘይቱንም ያረጋዋል፤ ልስላሴው ይጠፋል። በደንብ የበሰለ ሐልዋ ስኳሩ ራሱ ስለሚጠብቀው፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከፀሐይ ርቆ ሲቀመጥ ሳይበላሽ ይቆያል። ሙሸበክ ግን እንዲህ አይደለም። ሊጡ ተጠብሶ ትኩሱን የስኳር ሽሮፕ ውስጥ ስለሚነከር፣ ካደረ ቅርፊቱ ይልፈሰፈሳል። ሩቅ ለሚሄድ ሐልዋ፣ እዚያው ለሚበላ የዕለቱን ሙሸበክ ግዙ። በጾም ወቅት የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ ሐልዋው በዘይት ነው ወይስ በቅቤ የተሠራው ብላችሁ ሻጩን ጠይቁ።

«የረጋ ማር ስኳር ተቀላቅሎበታል»

በዚህ እምነት ምክንያት ስንት ጥሩ ማር ተመልሷል! ማር የሚረጋው በውስጡ ያለው ግሉኮስ ከውኃው እየተለየ ቅንጣት ስለሚሠራ ነው። የትግራይ ነጭ ማር ከሚረጉት አንዱ ነው፤ እንዲያውም ደቃቅ ሆኖ ሲረጋ ዳቦ ላይ ለመቀባት ይመቻል። ማሩን ውኃ ውስጥ ጠብ ማድረግ ወይም ክብሪት ነክሮ መጫርም ንጽሕናውን አያረጋግጥም። በዓይን የሚታየው ዋናው ችግር ሌላ ነው፦ ከላይ አረፋ፣ የኮመጠጠ ሽታ፣ ያበጠ ክዳን። እነዚህ እርጥበቱ የበዛና መብላላት የጀመረ ማር ምልክቶች ናቸው፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሲሆን ይህ ቶሎ ይመጣል።

ሰውየው ፈሳሹን የሚመርጥ ከሆነ ክዳኑን አላልታችሁ ማሰሮውን ከ40 ዲግሪ ብዙ በማያልፍ ውኃ ውስጥ አቆዩት፣ አልፎ አልፎም አማስሉት። እሳት ላይ በቀጥታ ከተጣደ መዓዛው ይጠፋል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ጠጅ ለሚጥል ሰው ደግሞ የተጣራ ማር በሚያምር ጠርሙስ ከመስጠት፣ ከነሰሙ ያለ ማር ከጥሩ ጌሾ ጋር ስጡት፤ ይህን የመሰለ ስጦታ ለእሱ የለም።

«ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ስኳር ላለበትም ይሆናል»

አይሆንም። የማር 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ቡና ወይም የተቆላ ለውዝ ስጡ።

«ቡና የተፈጨ ቢሆን ይቀልለዋል»

የተፈጨ ቡና መዓዛው በቀናት ውስጥ ይሄዳል፤ የተቆላ ፍሬ ሳምንታት፣ ጥሬ ቡና በደረቅ ቦታ ወራት ይቆያል። ቤቱ የሚቆላ ሰው ካለ ጥሬውን ግዙ። ብቻውን የሚኖር ከሆነ በቅርቡ የተቆላ ፍሬና ትንሽ የእጅ መፍጫ አብራችሁ ስጡት። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚያጣ፣ 1 ኪሎ ጥሬ ከ800 እስከ 850 ግራም ነው የሚወጣው። አበባ አበባ የሚሸት ቀለል ያለ ቡና ለሚወድ የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ከበድ ያለ ለሚወድ ደረቅ ሐረር ይስማማዋል።

«ጋቢ ሁሉ አንድ ነው»

ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጥጉን ይዛችሁ ቁጠሩት። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሡት። የእጅ ፈትል ማግ ያለው ቦታ ቦታ ወፈርና ቀጠን ይላል፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነው የፋብሪካ ክር ነው። ሁለቱም ያሞቃሉ፣ ነገር ግን በፈትል ዋጋ የፋብሪካ ክር አትግዙ። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን፤ እርጥቡ ስለሚከብድ በአንድ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ ይለጠጣል፣ በሁለት ሦስት ገመድ ላይ ዘርጉት።

«ቁጥሩን ካልጠየቁት ጫማና ቀበቶ አይገዛም»

ለቀበቶ፣ ከዘለበቱ ሥር እስከሚቆልፍበት ቀዳዳ በሜትር ለኩ። የሱሪው ቁጥር ያሳስታል። ለጫማ የእግሩን ርዝመት በሴንቲሜትር ያዙና 1.5 ጨምራችሁ በ1.5 አባዙት፤ 27 ሴንቲሜትር 42.75 ይመጣል፣ ማለትም 43።

«የሚበላ ነገር ውጭ አገር አይገባም»

ሁሉም አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ መንገደኛ ለራሱ ወይም ለስጦታ እስከ 2 ኪሎ ማር ይዞ መግባት ይችላል፤ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን ይወሰዳሉ። ማር በእጅ ሻንጣ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፦ ክዳኑን በፕላስተር አሽጉ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልሉ፣ ልብስ መሀል ቀርቅሩት። ከአገር ለማውጣት የሚፈቀደውን የቡና መጠንም ከጉዞው በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።