የአልኮል ቁጥጥር ፖሊሲ ምንድን ነው?

ብሔራዊ የአልኮል ቁጥጥር ፖሊሲ ማለት መንግሥት የአልኮል መጠጥ በሕዝብ ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ሲል መጠጡ በምን ዋጋ፣ ለማን፣ የትና መቼ እንደሚሸጥ፣ ማስታወቂያውም እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድ የሚደነግግበት አቋም ነው። መጠጥን ጨርሶ ከመከልከል የተለየ ነው፤ በሱስ የተያዙትን ከማከምም ይሰፋል፤ ምክንያቱም ከጉዳቱ ብዙው ሱሰኛ ተብለው በማይጠሩ ጠጪዎችና ምንም ባልጠጡ የቤተሰብ አባላትና እግረኞች ላይ የሚደርስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በአልኮል ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ፣ ከእነዚህም 2 ሚሊዮን ያህሉ ወንዶች እንደሆኑ ገምቷል። የጉበት በሽታ፣ ካንሰር፣ የመኪና አደጋና ጠብ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ፤ የሳንባ ነቀርሳም አለበት።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ ስትራቴጂ አጽድቆ ለአባል አገሮች አሥር የሥራ መስኮችን አቅርቧል። ከእነዚህ መካከል በአነስተኛ ወጪ ከፍተኛ ውጤት እንደሚያስገኙ የሚታመንባቸው ሦስቱ ናቸው፤ እነርሱም በታክስ ዋጋን ማስወደድ፣ ማስታወቂያን መከልከል ወይም መገደብ፣ የመሸጫ ቦታንና ሰዓትን መወሰን ናቸው። ዋጋ ሲጨምር ወጣቱና ብዙ የሚጠጣው ሰው ፍጆታውን ይቀንሳል፤ ግምጃ ቤቱም ይጠቀማል። በአንጻሩ «በኃላፊነት ይጠጡ» የሚለው ትምህርት ብቻውን የሕዝቡን የመጠጥ ልማድ እንደሚለውጥ የሚያሳይ ማስረጃ ደካማ ነው፤ የመጠጥ ኩባንያዎች ደስ ብሏቸው የሚደግፉትም ይህንኑ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

በእኔ አስተያየት፣ በታዳጊ አገሮች ስለ አንድ የአልኮል ፖሊሲ ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ረቂቁን ማን ጻፈው የሚለው ነው። ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የሌሴቶ፣ የማላዊ፣ የኡጋንዳና የቦትስዋና ረቂቅ ብሔራዊ ፖሊሲዎችን ጎን ለጎን ሲያነቡ አራቱም በአወቃቀርም ሆነ በቃላት እጅግ ተመሳስለው አገኟቸው። ረቂቆቹ የተዘጋጁት ሳብሚለር የተባለው ግዙፍ የቢራ ኩባንያና በመጠጥ ኢንዱስትሪው ገንዘብ የሚንቀሳቀስ አንድ ማዕከል በተሳተፉበት ሂደት ነበር። ይዘታቸውም ከዚህ የሚጠበቀው ነው፤ ኢንዱስትሪው ከመንግሥት ጋር እኩል ባለድርሻ ይሆናል፣ ትምህርትና ራስን መቆጣጠር ይጎላሉ፣ ዋጋና የመሸጫ ገደብ ግን ወደ ዳር ይገፋሉ። ማላዊ በኋላ ሌላ መንገድ መርጣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራሷን ፖሊሲ አጽድቃለች። ቦትስዋናም ብትሆን በፕሬዚዳንት ኢያን ካማ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በአልኮል ላይ የ30 በመቶ ልዩ ቀረጥ ጥላለች፤ ቀረጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 40 በመቶ ከፍ ብሏል። የቢራ ኩባንያዎች አጥብቀው የተቃወሙት ይህንን ነበር።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በአንድ የፖሊሲ ሰነድ ሳይሆን በተለያዩ አዋጆች ተበታትኖ ይገኛል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ከ12 በመቶ በላይ የአልኮል መጠን ያለውን መጠጥ በመገናኛ ብዙኃን ማስተዋወቅን ሲከለክል ቢራ ከዚህ ወለል በታች በመሆኑ አመለጠ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ በቢራ ማስታወቂያ የተሞላው በዚህ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የደፈነው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን፣ የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከልክሎ፣ መጠጥ የሚሸጥለትን ሰው ዝቅተኛ ዕድሜም ወደ 21 ዓመት አድርሶታል። ክልከላው ተፈጻሚ ስለመሆኑ ማንም ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ሊመሰክር ይችላል። የዕድሜ ገደቡ ግን በየመንደሩ ግሮሰሪ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል።

በእነዚህ ሁሉ አገሮች ፖሊሲ አውጪውን በብርቱ የሚፈትነው ግን ከፋብሪካ ውጭ የሚመረተው መጠጥ ነው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ታክስ አይከፈልባቸውም፣ የአልኮል መጠናቸውም ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው ይለያያል። ጠምቀውና አውጥተው የሚሸጡትም በአብዛኛው በዚሁ ገቢ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የቢራ ታክስ ብቻውን ሲንር ድሃው ጠጪ መጠጥ ሳያቆም ወደ አረቄ ሊዞር ይችላል፤ አረቄ አውጪዋን በፖሊስ ማሳደድም ንግዱን ወደ ጓሮ ከመሸሸግ አያልፍም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ ቻንጋ የተባለውን የአገር ውስጥ አረቄ ከክልከላ አውጥታ በጥራት ደረጃ ሥር ለማስገባት ሞክራ ነበር። ይሁን እንጂ የፈቃድና የማሸጊያ ግዴታው ለቤት አውጪዎች ከአቅም በላይ በመሆኑ ብዙዎቹ ከሕጉ ውጭ ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ሜታኖል የተባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት የተቀላቀለበት መጠጥ በአገሪቱ የተለያዩ አካባቢዎች በርካታ ሰዎችን ሲገድል ሕጉ ከወጣ አራት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።