ስለ ሆሜር ጀግኖች ግብረ ገብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሆሜር ናቸው የሚባሉት ሁለቱ የጥንት ግሪክ የጀግንነት ግጥሞች፣ «ኢሊያድ» እና «ኦዲሲ»፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ እንደያዙ ይታመናል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ግን በፊልምና በተቆራረጠ ተረት ስለሆነ፣ ስለ ግብረ ገባቸውና ስለሚያሳዩት ኅብረተሰብ የሚነገረው ነገር ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ከግጥሞቹ ጋር አይገጥምም።

«ኢሊያድ ጦርነትን የሚያወድስ ግጥም ነው።»

ግሪኮች የትሮይን ከተማ የወጉበት የትሮይ ጦርነት ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለን የእንጨቱ ፈረስና የከተማይቱ መቃጠል ነው፤ ሁለቱም ግን በኢሊያድ ውስጥ አልተተረኩም። ግጥሙ የሚያተኩረው በጦርነቱ 10ኛ ዓመት በሆኑ ጥቂት ሳምንታት ላይ ነው። የመጀመሪያ ቃሉ «ቁጣ» ሲሆን የሚዘጋውም በድል ሳይሆን በጠላት ቀብር ነው። የግሪኮች ታላቅ ተዋጊ አኪሌስ ወዳጁን ፓትሮክሎስን የገደለበትን የትሮይ ልዑል ሄክቶርን ከገደለ በኋላ እንኳ ቁጣው አልበርድ ብሎት ሬሳውን በሠረገላ ይጎትታል፤ ይህንንም አማልክቱ ራሳቸው ከልክ ያለፈ ነውር አድርገው ቆጠሩት። በመጨረሻው የግጥሙ ክፍል፣ በ24ኛው መጽሐፍ፣ የሄክቶር አባት ሽማግሌው ንጉሥ ፕሪያም በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ይገባና፣ የአኪሌስን ጉልበት ይዞ፣ ልጆቹን የፈጁትን እጆች ይስማል፤ «አባትህን አስብ» ይለዋል። ሁለቱም ያለቅሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለችው ትንሽ ነገር ለእኔ ከውጊያዎቹ ሁሉ ትበልጣለች፦ አኪሌስ ሬሳው ፕሪያም በማያይበት ቦታ እንዲታጠብ ያዛል፤ አባትየው ልጁን አይቶ ኀዘኑን መቆጣጠር ቢያቅተው የራሱ ቁጣ ተመልሶ እንዳይነሳበትና እንግዳውን እንዳይገድለው ሰግቷልና። ታላቁ ተዋጊ እዚህ ላይ ራሱን ያውቃል፣ ራሱንም ይጠብቃል። ሬሳውንም በገዛ እጁ አንሥቶ በቃሬዛው ላይ ያኖረዋል።

«የጀግኖቹ ክብር ባዶ ትዕቢት ነው።»

ክብር በእርግጥ የሚታይና የሚቆጠር ነገር ነበር፤ ከምርኮ የሚደርስ ድርሻ፣ በግብር ላይ የሚሰጥ ሥጋና ከፍ ያለ መቀመጫ። የግሪኮች ሠራዊት አዛዥ አጋሜምኖን የአኪሌስን ድርሻ፣ ምርኮኛዋን ብሪሴይስን፣ ሲወስድበት በሠራዊቱ ሁሉ ፊት አዋርዶታል ማለት ነው። ነገር ግን ክብር ዕዳም ነበረው። ከትሮይ ጎን የተሰለፈው የሊቅያ ሕዝብ አለቃ ሳርፔዶን በ12ኛው መጽሐፍ ለጓደኛው ለግላውኮስ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያቀርብለታል፦ ወገኖቻችን ምርጡን መሬትና ምርጡን ወይን የሰጡን ስለምንድን ነው? እንግዲያስ በግንባር ቀደም መቆም ይገባናል።

«እንግዳ መቀበል ተራ ጨዋነት ነበር።»

እንግዳን መበደል የአማልክቱን ንጉሥ የራሱን የዜውስን ቁጣ ያመጣ ነበር፤ ዜውስ የእንግዶች ጠባቂ ነበርና። በእኛ አገር መንገደኛ ሲመሽበት «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ እንደሚጠና ሁሉ፣ በኦዲሲ ውስጥ እሪያ ጠባቂው ባሪያ ኤውማዮስም ለማኝ መስሎ የመጣውን ጌታውን ኦዲሴዎስን ሳያውቀው፣ እንግዳና ለማኝ ሁሉ ከዜውስ ዘንድ ነው ብሎ ያስገባዋል። ከምግቡ ያካፍለዋል፤ ሲመሽም መደቡን አንጥፎ ካባ ያለብሰዋል። የትሮይ ጦርነት ሰበብም ቢሆን የትሮይ ልዑል ፓሪስ በእንግድነት የተቀበለውን የግሪኩን ንጉሥ የሜኔላዎስን ሚስት ይዞ መሄዱ፣ ማለትም የበላበትን ቤት መክዳቱ ነው። በኢሊያድ 6ኛ መጽሐፍ ደግሞ ግላውኮስና የግሪኩ ተዋጊ ዲዮሜዴስ ሊዋጉ ተገናኝተው፣ የዲዮሜዴስ አያት የግላውኮስን አያት በቤቱ አስተናግዶት እንደነበር ሲያውቁ ጦራቸውን ትተው እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ።

«በዚያ ዘመን ፍርድ የጉልበተኛ ብቻ ነበር።»

በኢሊያድ ውስጥ፣ በአኪሌስ ጋሻ ላይ ከተሣሉት ሁለት ከተሞች በአንደኛው፣ ስለ ሟች የደም ካሳ ሁለት ሰዎች በአደባባይ ይከራከራሉ። ሽማግሌዎች በተወለወለ ድንጋይ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠው በየተራ ይፈርዳሉ፤ በመካከላቸውም ከሁሉ ቀጥ ያለ ፍርድ ለሚሰጠው ሽልማት የሚሆን ሁለት ታላንት (የጥንት የክብደት መለኪያ) ወርቅ ተቀምጧል። በዚያው የግጥም ምጣኔ የገጠመው ሌላው የጥንት ግሪክ ገጣሚ ሄሲዮድም ከወንድሙ ጋር በርስት ሲጣላ፣ ጠማማ ፍርድ የሚፈርዱትን ሹማምንት ጉቦ በሎች ብሎ ይወቅሳቸዋል።

«ሆሜር ያወደሳቸው ኢትዮጵያውያን የዛሬዋ ኢትዮጵያ ሰዎች ናቸው።»

ዜውስ ወደ «ነቀፋ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን» ለግብዣ መሄዱ እውነት በግጥሙ አለ። ኦዲሲ ግን እነዚህን ሰዎች በዓለም ዳርቻ፣ ግማሾቹን በፀሐይ መግቢያ፣ ግማሾቹን በፀሐይ መውጫ ያኖራቸዋል። የሩቅ ሕዝብ ስም ነው እንጂ የዛሬውን ካርታ የሚከተል አይደለም።

«ጀግኖቹ እንከን የሌላቸው አርአያዎች ናቸው።»

ይህኛው ስሕተት ከፍቅር የሚመጣ በመሆኑ ለማረም ይከብዳል። ተራው ወታደር ቴርሲቴስ አጋሜምኖንን በስግብግብነት ሲከስ፣ አኪሌስ አስቀድሞ ከተናገረው ብዙም የተለየ ነገር አልተናገረም፤ ኦዲሴዎስ ግን በበትረ መንግሥት ጀርባውን ይመታዋል፣ ሠራዊቱም ይስቃል። ያው ኦዲሴዎስ ሚስቱን ሊያገቡ ቤቱን የወረሩትን ጎረምሶች ከገደለ በኋላ፣ አሮጊቷ ሞግዚቱ በደስታ እልል ልትል ስትል በሞቱ ሰዎች ላይ መፎከር ቅድስና አይደለም ብሎ ይከለክላታል። ከዚህ ቃሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ግን፣ ከጎረምሶቹ ጋር በመተኛታቸው 12 ገረዶች እንዲገደሉ ያዛል፤ ልጁ ቴሌማኮስም በአንድ ገመድ ላይ ይሰቅላቸዋል። ገጣሚው እነዚህን ሴቶች፣ ሊያድሩ ወደ ጎጇቸው ሲበሩ በወጥመድ ከተያዙ ርግቦች ጋር ያመሳስላቸዋል። እግራቸው ለጥቂት ጊዜ ተንፈራገጠ፣ ይላል፣ ለረጅም ጊዜ ግን አይደለም።